ሰፊ አፍ ጠባብ አፍ፦ የትሎቼ የ8 ሳምንት ማስታወሻ

ሳምንት 1

ሰኞ። ትሎቹን ዛሬ ተረከብኩ። አንዲት 6 ሴንቲሜትር ፕሌት (ትል የሚያድግባት ክብ ሰሃን) ናት፣ በፓራፊልም ተጠቅልላ፣ ላይዋ ላይ በማርከር ፒኤስ312 ተብሎ ተጽፎባታል። ዝርያው ፕሪስቲዮንከስ ፓሲፊከስ ይባላል፣ ይሄ ስትሬይን (የዝርያው አንድ የዘር መስመር) በ1988 ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ውስጥ ነው የተገኘው፣ አሁን በየላቡ ያሉት ሁሉ የዛ ልጆች ናቸው። ትሏ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነች በባዶ አይን ሲያዩዋት አጋሩ (ፕሌቱ ውስጥ ያለው ጄሊ) ላይ የወደቀች የነጭ ክር ብጣሽ ነው የምትመስለው፣ ማይክሮስኮፕ ስር ግን እንደ እባብ እየተጠማዘዘች ስትሄድ ይታያል።

ስራው ባጭሩ ይሄ ነው። ይቺ ትል ስታድግ ከሁለት አይነት አፍ አንዱን ትይዛለች። ወይ ሰፊ አፍ ነው፣ ሁለት ጥርስ ያለው፣ ባክቴሪያም የሚበላ ሌላ ትልም ነክሶ የሚገድል፤ ወይ ጠባብ አፍ ነው፣ አንድ ቀጭን ጥርስ ብቻ ያለው፣ ባክቴሪያ እየላሰ የሚኖር። ደግሞ ጂናቸው አንድ ሆኖ ነው ይሄ የሚሆነው፣ ምክንያቱም እንስቶቹ ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ አንድ ፕሌት ላይ ያሉት ሁሉ በጂን እንደ መንትያ ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው ያደጉበት ሁኔታ ነው። እኔ የማደርገው አጋር ላይ ያደጉትንና ፈሳሽ ውስጥ እየተናጡ ያደጉትን አፋቸውን ቆጥሬ ማወዳደር ነው። ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ ወደ ጠባብ አፍ እንደሚያደሉ ቱቢንገን ማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ያለው የራልፍ ዞመር ቡድን በ2017 አሳትሟል፣ እኔ ሌላ ከተማ ነኝ፣ እዚሁ ጀርመን። በወረቀት ያነበብኩትን በእጄ ሰርቼ በአይኔ ማየት ነው የፈለኩት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማክሰኞ። ኤንጂኤም የሚባለውን የትል ማሳደጊያ አጋር አፈላሁ። ለአንድ ሊትር 3 ግራም ጨው፣ 2.5 ግራም ፔፕቶን፣ 17 ግራም አጋር፣ 975 ሚሊ ውሃ፣ አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ። ከወጣ በኋላ ቀዝቀዝ ሲል 1 ሚሊ ካልሲየም ክሎራይድ፣ 1 ሚሊ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ 1 ሚሊ ኮለስትሮል በኢታኖል የሟሟ፣ 25 ሚሊ ፎስፌት በፈር ይጨመራል። ኮለስትሮል የሚጨመረው ትሎቹ ራሳቸው መስራት ስለማይችሉ ነው፣ ከሌለ እድገታቸው ይበላሻል።

ስህተት ቁጥር 1 እዚሁ ተፈጸመ። ካልሲየሙን ጨምሬ ሳላማስል ፎስፌቱን ተከታትዬ ደፋሁበት፣ ወዲያው ነጭ ደመና ሆነ። ካልሲየምና ፎስፌት ሳይማሰሉ ሲገናኙ ይረጋሉ፣ ይሄን ኬሚስትሪ ላይ ተምሬዋለሁ፣ ግን እጄ ላይ ሳየው ነው የገባኝ። ሊትሩ በሙሉ ተደፋ። ሁለተኛውን ሊትር በእያንዳንዱ መሀል እያማሰልኩ ስጨምር ጥርት ብሎ ወጣ። ከአንድ ሊትር በ10 ሚሊ ሂሳብ ወደ 95 ፕሌት አገኘሁ።

ሀሙስ። ፕሌቶቹ ላይ ኦፒ50 ጠብ ጠብ አደረኩ። ኦፒ50 ማለት ደከም ያለ ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ነው፣ የትሎቹ ምግብ። ፕሌቶቹ በደንብ ሳይደርቁ ስለቸኮልኩ ባክቴሪያው መሀል ላይ መቀመጥ ሲገባው እስከ ዳር ፈሰሰ፣ ትሎቹም ተከትለውት ግድግዳው ላይ ወጥተው ደርቀው ሞቱ። ካሁን በኋላ ፕሌት ከተቀዳ በኋላ 2 ቀን በክፍል ሙቀት ሳላደርቅ አልነካም።

የገዛሁት እቃ፦ የእጅ መቁጠሪያ 11 ዩሮ፣ ታይመር 8 ዩሮ። ትል ማንሻው የፕላቲኒየም ሽቦ ነው፣ ቶሎ ይግላል ቶሎ ይበርዳል፣ ግን ውድ ስለሆነ የላቡ ቴክኒሻን ሴትዮ ከራሳቸው ላይ 3 ሴንቲሜትር ቆርጠው ሰጡኝ። ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፈው እንደ አካፋ አደረጉልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ያለዛ ሽቦ ይሄ ስራ አይታሰብም።

ሳምንት 2

ትል ማንሳት እየተማርኩ ነው። ሽቦውን እሳት ላይ ታግያለሽ፣ ባክቴሪያው ላይ ጫፉን ትነክሪያለሽ፣ ከዛ በሚያጣብቀው ነገር ትሏን ከላይ ነካ አድርገሽ ታነሻታለሽ። የመጀመሪያዎቹን 20 ገደማ ወጋኋቸው። አጋሩ ከተቧጨረ ደግሞ ትሎቹ በቀዳዳው ገብተው ይቀበራሉ፣ ቆጥረሽ አትጨርሻቸውም። ረቡዕ ላይ እጄ ተረጋጋ።

በ20 ዲግሪ ከእንቁላል እስከ አዋቂ 4 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል። አንድ ያላወቅኩት ነገር፣ ከሲ ኤለጋንስ (በየላቡ ከሚታወቀው ሌላ ትንሽ ክብ ትል) በተለየ የመጀመሪያውን የጨቅላ ደረጃ እንቁላል ውስጥ እያለች ትጨርሰውና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆና ነው የምትፈለፈለው። ስለዚ ሰአት ስቆጥር ከሲ ኤለጋንስ የተቀዳ ሰንጠረዥ መጠቀም አልችልም፣ የራሴን ሰንጠረዥ ሰራሁ።

አርብ። የመጀመሪያው ቆጠራ። 50 ትል ከአጋር ላይ አነሳሁ፣ 31 ሰፊ፣ 19 ጠባብ። በጣም ገረመኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ስትሬይን አጋር ላይ አብዛኛው ሰፊ አፍ መሆን አለበት። ቅዳሜና እሁድን ስጨነቅ አሳለፍኩ፣ ሙቀቱ ነው እንዴ፣ ባክቴሪያው ነው እንዴ፣ የሰጡኝ ፕሌት ተቀላቅሎ ነው እንዴ እያልኩ።

ሳምንት 3

ሰኞ። ችግሩ ተገኘ። የሚያሰለጥነኝ የፒኤችዲ ተማሪ ስላይዶቼን አንድ በአንድ አየና "ይቺ አዋቂ አይደለችም፣ ይቺም አይደለችም" እያለ ለየልኝ። ያልደረሱ ትሎችን ነው እንደ ጠባብ አፍ የቆጠርኳቸው። ጥርሶቹ በመጨረሻው ቅርጻቸው የሚወጡት ትሏ የመጨረሻ ቆዳዋን ስትቀይር ነው፣ ከዛ በፊት ያለው የጨቅላ አፍ ጠባብ ስለሆነ ያሳስታል። አሁን ደንቡ ይሄ ነው፦ ሆዷ ውስጥ እንቁላል ካላየሁ ወይም ማህጸኗ መውጫው በደንብ ተከፍቶ ካላየሁ አልቆጥርም።

ድጋሚ ቆጠራ፣ በዚህ ደንብ፦ ከ50 ውስጥ 48 ሰፊ፣ 2 ጠባብ። አሁን ልክ ነው።

አፉን እንዴት እንደማይ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ማስታወሻዬን ከፍቶ የሚሰራበት ሰው ቢኖር እኔ ያጣሁትን ጊዜ እንዳያጣ። ስላይድ ላይ ስስ የአጋሮዝ ንጣፍ አደርጋለሁ፣ ላዩ ላይ የሶዲየም አዛይድ ጠብታ (መርዝ ነው፣ ያለ ጓንት አይነካም፣ አሲድ ጋ ደግሞ ፈጽሞ አይገናኝም)፣ 5 ወይም 6 ትል፣ ከዛ ከቨር ስሊፕ። ትሎቹ በደቂቃ ውስጥ ቀጥ ይላሉ። በ100 እጥፍ ሌንስ ዘይት አድርጌ ጭንቅላቷን መሀል ላይ አመጣለሁ። ከዛ ፎከሱን በጣም ቀስ አድርጌ ከላይ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ምክንያቱም አፏ እንደ ኩባያ ነው፣ ጥርሶቹ በተለያየ ጥልቀት ላይ ናቸው፣ አንድ ፎከስ ላይ ሁሉንም አታይም። ሰፊ አፍ ከሆነች የኩባያው አፍ ከጥልቀቱ ይሰፋል፣ በጀርባ በኩል ያለው ጥርስ እንደ ድመት ጥፍር ጎበጥ ብሎ ወፍሮ ይታያል፣ ትንሽ ዝቅ ስትይ ደግሞ በሆድ በኩል በቀኝ ሌላ ጥርስ ፊት ለፊቱ ቆሞ ታገኛለሽ። ጠባብ ከሆነች ያ ሁለተኛው ጥርስ የለም፣ የጀርባው ጥርስም ቀጥ ያለ ቀጭን ስለት ነው፣ አፉ ከስፋቱ ጥልቀቱ ይበልጣል። መጀመሪያ ሁለተኛውን ጥርስ ፈልጊ፣ እሱ ካለ ክርክር የለም። ትሏ በጎኗ ካልተኛች ከቨር ስሊፑን በጣም በትንሹ ገፋ ሲያደርጉት ትንከባለላለች።

ሀሙስ ማታ እማዬ ደወለች። ምን እየሰራሽ ነው ስትለኝ ትል አልኳት።
"የምን ትል? ኮሶ ነው?"
"አይ እማዬ፣ ኮሶ ጠፍጣፋ ነው። የኔዋ ከወስፋት ወገን ናት፣ ክብ ትል። ግን ሰው ላይ አትኖርም፣ ጢንዚዛ ላይ ነው።"
"ታዲያ ለጢንዚዛ ትል ነው አገር አቋርጠሽ የሄድሽው ልጄ?"
አንበጣውን አስታወስኳት፣ በኛ አቆጣጠር በ2012 እነ አጎቴን ማሽላ የጨረሰውን። ያ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ሌላ ነው፣ ቀለሙም ጠባዩም ሌላ ነው፣ ማንንም ሳይነካ ይኖራል፣ ዝናብ ዘንቦ ተራብቶ ሲጨናነቅ ግን ያው አንበጣ፣ ያው ጂን፣ ቀለሙ ተለውጦ ባህሪው ተለውጦ መንጋ ይሆናል። የኔም ትል እንደዛ ናት አልኳት፣ የሚለየው አንበጣው ተመልሶ መረጋጋት ይችላል፣ የኔዋ ግን አንዴ አፏን ከያዘች እስክትሞት ያው ናት። ትንሽ ዝም አለችና "እና በምን ታውቃለች የትኛውን እንደምትይዝ?" አለችኝ። ከፕሮፌሰሮቹ ጥያቄ የሚያንስ ጥያቄ አይደለም።

ደግሞ መጨናነቁ ለሷም ይሰራል። ትሎቹ ሲበዙ የሚለቁት ሽታ መሰል ኬሚካል አለ፣ ሲከማች ብዙዎቹን ወደ ሰፊ አፍ ይገፋል። ብዙ ተፎካካሪ ካለ ተፎካካሪውን መብላት ያዋጣል ማለት ነው። ነገር ግን ሰፊ አፍ በነጻ አይመጣም፣ ጠባብ አፎቹ ትንሽ ቀደም ብለው ለአዋቂነት ይደርሳሉ። ለትል ሰአታት ማለት ቀላል አይደለም።

ሳምንት 4

ፈሳሹ ተጀመረ። ይሄ ሳምንት መጥፎ ነበር።

ትሎቹን ፈሳሽ ውስጥ ለማሳደግ ንጹህ እንቁላል ያስፈልጋል፣ ስለዚ እናቶቹን በበረኪናና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማሟሟት ነው፣ የእናቶቹ ገላ ይሟሟል፣ የእንቁላሉ ቅርፊት ይቋቋማል። ለ3.5 ሚሊ ትል ያለበት ውሃ 1 ሚሊ በረኪና እና ግማሽ ሚሊ 5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ። መጀመሪያ የእናቶቹ ቅሪት ሙሉ በሙሉ ይጥፋ ብዬ 15 ደቂቃ አቆየሁት። በማግስቱ ከመቶዎቹ እንቁላሎች የተፈለፈሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅርፊቱም ገደብ አለው። በሁለተኛው ሙከራ ማይክሮስኮፕ ስር እያየሁ ከእናቶቹ አብዛኞቹ ሲበጣጠሱ በ8ኛው ደቂቃ ላይ አቆምኩና ቶሎ ቶሎ ኤም9 በሚባለው የጨው ውሃ ሶስቴ አጠብኩ። አብዛኞቹ ተፈለፈሉ። ሌላ ትምህርት፣ ይቺ ትል በህይወቷ የምትጥለው 200 ገደማ ነው፣ ስለዚ በቂ እንቁላል ለማግኘት ብዙ ፕሌት ሙሉ እናት ያስፈልጋል፣ በሁለት ፕሌት ጀምሬ አልበቃኝም፣ ቀጥሎ አምስት አደረኩት።

ኤስ ሚዲየም (የትል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ውስጥ የተከማቸ ኦፒ50 ጨምሬ፣ እንቁላሎቹን ጨምሬ፣ ሼከር (የሚንጥ ማሽን) ላይ በ180 ዙር በደቂቃ አስቀመጥኩ። ስህተቱ እቃው ነበር። 50 ሚሊ ቱቦ ውስጥ 40 ሚሊ ሞልቼ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። አየር የለም። ባክቴሪያውም ይተነፍሳል፣ ትሎቹም ይተነፍሳሉ፣ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ከታች ዝቃጭ ላይ ቀጥ ብለው ተዘርግተው አገኘኋቸው።

ሶስተኛ ሙከራ፦ 50 ሚሊ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሚሊ ብቻ፣ አፉ በአልሙኒየም ፎይል ላላ ተደርጎ። ይሄ ይሰራ ነበር፣ ግን አንድ ለሊት የሆነ ሰው ሼከሩን አጥፍቶት አደረ፣ ጩኸቱ ይሆናል የረበሸው። ጠዋት ስመጣ ውሃው ጸጥ ብሎ ትሎቹ ከታች ተከምረዋል። አለቀስኩ ማለት ይቻላል፣ የአንድ ሳምንት ስራ ነው። አሁን ሼከሩ ላይ በትልቁ "አይጠፋም፣ ትል አለ" ብዬ በጀርመንኛ ለጥፌበታለሁ፣ ስልኬንም ጽፌያለሁ።

ሳምንት 5

ሰራ። አምስተኛው ቀን ላይ ከጠርሙሱ በፒፔት ቀድቼ አጋር ላይ ጠብ አደረኩና እንቁላል የያዙትን ብቻ እየመረጥኩ ስላይድ ሰራሁ። የመጀመሪያዋ ጠባብ። ሁለተኛዋ ጠባብ። ሶስተኛዋ ላይ ሁለተኛውን ጥርስ ፈልጌ ፎከሱን ሶስቴ ከላይ ታች ወሰድኩት፣ የለም። በመጨረሻ ከ50 ውስጥ ሰፊ አፍ የነበሩት 6 ብቻ ናቸው።

48 ከ50፣ 6 ከ50። የአንድ እናት ልጆች ናቸው እኮ። ምንም ጂን አልነካሁም፣ ምንም ሚውቴሽን የለም፣ የቀየርኩት መኖሪያቸውን ነው።

ግን ወዲያው ጥርጣሬ መጣብኝ። ኤስ ሚዲየም ከኤንጂኤም ጋር አንድ አይደለም፣ ጨዎቹ ይለያያሉ፣ ሲትሬት አለው፣ ጥቃቅን ብረቶች አሉት። ምናልባት ፈሳሽነቱ ሳይሆን ጨዉ ቢሆንስ? ስለዚ ኤስ ሚዲየሙን ራሱን በአጋር አርግቼ ፕሌት ቀዳሁና ያው ባክቴሪያ አደረኩበት። ከዛ ላይ ካደጉት አብዛኞቹ ሰፊ ሆነው ወጡ። ስለዚ በኔ እጅ ወሳኙ ጠጣርና ፈሳሽ መሆኑ ነው እንጂ ቅመሙ አይደለም። ይሄን ቁጥጥር ሳልሰራ ውጤቱን ለቡድኑ ባቀርብ ኖሮ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነበር የሚሆነው።

አንድ ፕሌት ረስቼው ምግቡ አልቆ ነበር፣ ዛሬ ስከፍተው ዳወር ሆነዋል። ዳወር ማለት ምግብ ሲያልቅና ሲጨናነቁ የሚገቡበት የእድገት ማቆሚያ ደረጃ ነው፣ አፋቸው ተዘግቶ፣ ቆዳቸው ጠንክሮ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይበሉ ይቆያሉ። አንዳንዶቹ በጭራቸው ቆመው ጭንቅላታቸውን አየር ላይ ያወዛውዛሉ፣ የሚያልፍ ነገር ላይ ለመንጠልጠል ነው። በተፈጥሮ የሚንጠለጠሉት ጢንዚዛ ላይ ነው፣ ሬዩኒዮን ደሴት ላይ ኦሪክቴስ ቦርቦኒከስ የሚባለው ባለ ቀንድ ጢንዚዛ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ጢንዚዛው እስኪሞት ይጠብቃሉ፣ ሲሞትና ሬሳው በባክቴሪያ ሲሞላ ይነቃሉ፣ መብላት ይጀምራሉ። ሬሳው ላይ ሌሎች የትል አይነቶችም አሉ፣ ግብዣው አጭር ነው፣ ሰፊ አፍ እዛ ጋ ነው ዋጋ የሚያገኘው። ይሄን ካየሁ በኋላ ጥርሱ ለምን እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ገባኝ።

ሳምንት 6

ጂኑ ጋ ደረስን። ሶስት ነገር ጎን ለጎን አሳደኩ፣ ሁሉም አጋር ላይ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ባክቴሪያ።

አንደኛው የኔው ፒኤስ312። ሁለተኛው ኢዩዲ-1 የሚባለው ጂን የተበላሸበት ሚውታንት። ሶስተኛው ከሬዩኒዮን የመጣ የዱር ስትሬይን። ኢዩዲ-1 በ2013 የተገኘ ጂን ነው፣ የሚሰራው ሰልፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ የሚያድገውን ትል ወደ ሰፊ አፍ የሚያዞር እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሲበላሽ ሁሉም ጠባብ ይሆናሉ። እኔም ቆጥሬ 50 ከ50 ጠባብ አገኘሁ፣ አንድም ሰፊ የለም። የሬዩኒዮኑ ደግሞ አጋር ላይም ቢሆን አብዛኛው ጠባብ ነው፣ ምንም ሳይበላሽበት፣ ተፈጥሮው እንደዛ ሆኖ።

ማታ ማታ የማስበው ይሄን ነው። ካሊፎርኒያውን ወደ ጠባብ ለመውሰድ ፈሳሽ ውስጥ መናጥ አስፈለገኝ፣ ሚውታንቱን አንድ ጂን መስበር በቂ ነበር፣ ሬዩኒዮኑን ደግሞ ማንም ሳይነካው ዝግመተ ለውጥ ራሱ እዛ አድርሶታል። ሶስት መንገድ፣ አንድ አይነት አፍ። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አካባቢ የሚጫነው ማብሪያና ዝግመተ ለውጥ የሚያስተካክለው ማብሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ተፈጥሯዊ ምርጫ አዲስ አፍ ከባዶ መፍጠር አይጠበቅበትም፣ ሁለቱም አፎች እዛው ጂኖም ውስጥ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል፣ ሚዛኑን ወደ አንዱ ማዘንበል ነው የሚያስፈልገው። ትምህርት ቤት አካባቢና ዘር ብለን ለሁለት ከፍለን የተማርነው ነገር ለኔ እዚህ ፕሌት ላይ ተቀላቀለ።

ወንዶቹንም አየኋቸው፣ ብዙም አይገኙም፣ ከመቶዎች መሀል አንድ ሁለት ነው። ኢዩዲ-1 ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው፣ እንስቶቹ ሁለት ኤክስ አላቸው፣ ወንዶቹ አንድ ብቻ፣ ስለዚ የጂኑ መጠን ያንሳቸዋል፣ ወንዶች ጠባብ አፍ የሚያበዙት ለዚህ ነው። ያገኘሁት 9 ወንድ ብቻ ስለሆነ ቁጥር አልጽፍም፣ በቂ አይደለም።

ኢዩዲ-1 ደግሞ ብቻውን አይደለም። እዛው ጎኑ ናግ-1 እና ናግ-2 የሚባሉ ጂኖች አሉ፣ እነሱ ሲበላሹ በተቃራኒው ሁሉም ሰፊ ይሆናሉ። የሚገፋውና የሚጎትተው ጎን ለጎን አንድ ሰፈር ተቀምጠዋል ማለት ነው። ሚውታንቱን ጠይቄያለሁ፣ እስኪመጣ ጊዜዬ አይበቃም።

ሀሙስ። ነክሳ ስትበላ አየሁ። ባክቴሪያ የሌለው ፕሌት ላይ ብዙ የሲ ኤለጋንስ ጨቅላዎች አደረኩና 5 ሰፊ አፍ አዋቂዎች ጨመርኩ። 10 ደቂቃ ምንም። ከዛ አንዷ ጨቅላዋን በአፍንጫዋ ነካች፣ ቆመች፣ ጭንቅላቷን በሷ ላይ ተጫነች፣ ጨቅላዋ እንደ ገመድ ተጥመለመለች። ጥርሷ ሲገባ አይታይም፣ የሚታየው ጨቅላዋ ባንዴ መጥመልመሏን ስታቆምና ከተነከሰችበት ቦታ ውስጧ ሲወጣ ነው። ትሏ እየመጠጠች የጉሮሮዋ ጡንቻ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ከዛ ግማሽ ትታት ወደ ሌላ ሄደች። ሁሌ አይበሉም፣ ብዙ ጊዜ ነክሰው ገድለው ይሄዳሉ።

በሌላ ፕሌት የራሷን ስትሬይን ጨቅላዎች አደረኩ። እየነካቻቸው አለፈች፣ ነካች አለፈች። አንድ ሰአት ቁጭ ብዬ አይቼ አንድም ንክሻ አልቆጠርኩም። ዘመዷን የምታውቅበት ሰልፍ-1 የሚባል ጂን በ2019 ተገኝቷል፣ በጣም ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ መጨረሻው አካባቢ ያሉት ጥቂት አሚኖ አሲዶች ከስትሬይን ስትሬይን ይለያያሉ። አይን የላት፣ ጆሮ የላት፣ ነክታ ብቻ የኔ ነው ትላለች።

ሳምንት 7

ሻጋታ። ከ60 ፕሌት 22ቱ ላይ ወጣ፣ አረንጓዴው አይነት። ኢንኩቤተሩ ጥግ ላይ የፈሰሰ አጋር ደርቆ ነበር፣ ምንጩ እሱ ነው። ኢንኩቤተሩን በ70 በመቶ ኢታኖል አጸዳሁ፣ የተበከሉትን አውቶክሌቭ አድርጌ ጣልኩ፣ ልጥላቸው የማልችላቸውን ትሎች እንደገና በበረኪና አልፌ አዳንኩ። ሶስት ቀን ሄደ። የፕሌት ሻንጣ ግማሹ አለቀ፣ አሁን 10 ሚሊ ከመቅዳት 8 እየቀዳሁ ነው።

የተረፉት ላይ የማዘዋወር ሙከራ ጀመርኩ። የእማዬ ጥያቄ ነው፣ በምን ታውቃለች፣ እኔ የጨመርኩበት "መቼ" የሚለውን ነው። አንድ ጠርሙስ እንቁላል ፈሳሽ ውስጥ አስገባሁና በተለያየ ሰአት ጥቂት ጥቂት እየቀዳሁ ወደ አጋር አወጣሁ፦ በ24 ሰአት፣ በ48 ሰአት፣ በ72 ሰአት፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ አዋቂ ከሆኑ በኋላ። ለሊት 9 ሰአት ላይ ለ72ቱ ስነሳ ከላቡ ውስጥ እኔና ሼከሩ ብቻ ነበርን።

ሳምንት 8

ቆጠራ፣ ከእያንዳንዱ 30 ትል። በ24 ሰአት የወጡት 27 ሰፊ። ገና ጨቅላ እያሉ ስለወጡ ፈሳሹ እንዳልነበረ ነው የሆነላቸው። በ48 ሰአት የወጡት የተቀላቀሉ ናቸው፣ 17 ሰፊ። በ72 የወጡት 5 ሰፊ። አዋቂ ሆነው የወጡት 3። ስለዚ ውሳኔው የሚወሰነው መሀል ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ በሩ ይዘጋል። የኔ ሰአት በሙቀትና በባክቴሪያ ብዛት ስለሚዛባ ሌላ ላብ ውስጥ ቁጥሩ ሊለይ ይችላል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው። 30 ትል ትንሽ ነው፣ ሁለት ጊዜ ደግሜ ካልሰራሁት ግራፍ አላደርገውም።

ለመጠባበቂያ የሚቀመጡትን ትሎች በግሊሰሮል ሶስት ሶስት ቱቦ አድርጌ ማይነስ 80 አስገባኋቸው፣ ለሙከራ አንዱን አቅልጬ አየሁ፣ ከጨቅላዎቹ የተወሰኑት መንቀሳቀስ ጀመሩ።

አርብ። አዋቂ ሆነው ከወጡት አንዷን ለብቻዋ ፕሌት ላይ አድርጌያት ነበር። መጀመሪያ ያለ መድሀኒት አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ አፏን አየሁ፣ ጠባብ፣ ሁለተኛ ጥርስ የለም፣ ከዛ ወደ አጋሩ መለስኳት፣ ኖረች፣ እንቁላል ጣለች። ዛሬ ልጆቿ አድገዋል። እሷን ከ20 ልጆቿ ጋር ስላይድ ላይ አደረኳቸው። እናትየዋ ያው ቀጭን ስለቷን ይዛ ነው ያለችው። ልጆቿ ላይ ፎከሱን ቀስ አድርጌ ስወርድ የጎበጠው ጥርስ መጣ፣ ትንሽ ዝቅ ስል ደግሞ በቀኝ በኩል ሁለተኛው። ቀጣይዋም ላይ አለ። 20ዎቹም ላይ አለ።

ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላኩላት፣ የቱ እናት የቱ ልጅ እንደሆነ በቀስት አመልክቼ።